ጭሱና ሕጉ፦ ትምባሆን በአዋጅ የመከልከል ታሪክና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን

በአገራችን ታሪክ ትምባሆን በአዋጅ ከከለከሉት ነገሥታት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. በዘለቀው የግዛት ዘመናቸው ትምባሆ ማጨስንም ሆነ ሱረት መሳብን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የዘመኑ የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈው እንዳቆዩት፣ ሲያጨስ የተገኘ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት ሲስብ የተገኘ ደግሞ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። ከዚያ ዘመን ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ ባለው ማናቸውም የሥራና የሕዝብ መገልገያ ስፍራ ሲጋራ እንዳይጨስ ከለከለ።

ሁለቱም አዋጆች ናቸው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ቅጠል ነው። የመጀመሪያው ግን የሚመለከተው የአጫሹን አካል ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚመለከተው በአጫሹና በጎረቤቱ መካከል ያለውን አየር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምባሆን የመከልከል ታሪክን በአጭሩ በመቃኘት፣ የትኛው ክልከላ እንደ ጸና፣ የትኛው እንደ ፈረሰና ለምን እንደ ሆነ ለጤና ባለሙያው ማሳየት ነው። የውጭ አገር ዘመናት እንደ አውሮፓውያን፣ የአገራችን ደግሞ ዓ.ም. ተብለው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀርበዋል።

የሰይፍ ዘመን

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ በዓለም መሰራጨት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ነገሥታት በጥርጣሬ ሲያዩት ኖረዋል። ከሁሉ የከፋውን ቅጣት ካወጁት አንዱ የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ናቸው። በ1633 በኢስታንቡል ከተማ ታላቅ ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ ሱልጣኑ ቡና ቤቶችን አዘግተው ትምባሆ ማጨስን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረጉት። ብዙ ሰዎችም ተገደሉ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የኖረው ጸሐፊ ካቲብ ቸለቢ በ1656 ባዘጋጀው መጽሐፉ እንዳወሳው፣ በዘመቻ ላይ የነበሩ ወታደሮች አጫጭር የትምባሆ ፒፓዎችን በእጅጌያቸውና በኪሳቸው እየደበቁ፣ ጓደኞቻቸው ለዚሁ ጥፋት በሚቀጡበት ሰዓት እንኳ ያጨሱ ነበር። ሱልጣኑ በ1640 ሲሞቱ ክልከላውም ከእርሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየም።

የአፄ ዮሐንስም አዋጅ ዕጣው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ክልከላው የተነሣው ከሃይማኖት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የጠሩና የመንግሥታቸውን አንድነት በእምነት አንድነት ለማጽናት የጣሩ መሪ ስለ ነበሩ፣ ትምባሆን መከልከላቸው የዚሁ ዓላማቸው አካል ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ግን ከንፈርና አፍንጫ የማስቆረጡ ሥርዓት አብሮ አበቃ። ጋያውም ሱረቱም ከነበሩበት አልጠፉም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አዋጁ ቢሻርም፣ ትምባሆን እንደ ነውር የሚቆጥረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በደጋው ሕዝብ ዘንድ የሰረጸው ልማድ ከንጉሡ ረዘም ያለ ዕድሜ ነበረው። ሰይፍ ያላስተማረውን ነውር አስተማረ ማለት ይቻላል። ሰው ከሚፈራው ዳኛ ይልቅ የሚያከብረውን ጎረቤት አስቦ መታቀቡን ታሪክ ደጋግሞ ያሳያል። ይህን ሐሳብ በኋላ እንመለስበታለን።

ከቅጣት ወደ ቀረጥ

ሰይፍ ያልሠራበት መንግሥት ወደ ግምጃ ቤቱ ማየቱ አልቀረም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳተሙ፤ በዚያው ዓመትም ከውጭ በሚገባው ትምባሆ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በአንድ ፓውንድ ክብደት ከ2 ፔንስ ወደ 6 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ ከፍ አደረጉት። ዓላማቸው ሕዝቡን ከትምባሆ ማራቅ ነበር። ነገር ግን ከትምባሆ የሚገኘው ገቢ እያደገ ሲሄድ መንግሥት ራሱ ገቢውን የሚጠብቅ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በብዙ አገሮች ትምባሆን የሚቆጣጠረውና ከትምባሆ የሚጠቀመው አንዱና ያው አካል ሆኖ ቆየ።

አገራችንም ከዚህ ውጭ አልነበረችም። ከጣሊያን ወረራ ማግስት ትምባሆ የማምረትና የመሸጥ መብት በአዋጅ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። ሥርዓተ መንግሥት ሲለዋወጥም ይህ አልተለወጠም፤ የመንግሥቱ ድርጅት የሚያመርተው ኒያላ ሲጋራ በየሱቁና በየጀብሎው መደርደሪያ የታወቀ ዕቃ ሆነ። ስለዚህም ለብዙ አሥርተ ዓመታት አንዱ መንግሥት በአንድ እጁ ሆስፒታል፣ በሌላ እጁ የሲጋራ ፋብሪካ ይዞ ኖሯል። ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው በቅርቡ ነው። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ 31 በመቶ ገደማ በ434 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ ትልቁ ባለድርሻ ሆነ። አንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈሰው የአጫሹ ቁጥር ነገ ከዛሬው ይበልጣል ብሎ ሲያምን እንደ ሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ሐኪሞች ራሳቸውን ያጠኑበት ጊዜ

እስከዚህ ድረስ ትምባሆን የከለከሉት ወገኖች ከእምነታቸውና ከጥላቻቸው በቀር በእጃቸው የያዙት ማስረጃ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገሩ የተለወጠው በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን ተመራማሪዎች በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን በቁጥር እኩል ከሆኑ ሌሎች ሕሙማን ጋር አነጻጽረው፣ ውጤቱን በ1950 በብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ላይ አወጡ። ጥናቱ የሳንባ ካንሰርና ሲጋራ የጠበቀ ዝምድና እንዳላቸው አመለከተ። ዶክተር ዶል ራሳቸው አጫሽ የነበሩ ሲሆን፣ በሥራው ላይ ሳሉ ማጨሳቸውን ተዉ።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ቀጥለው ያደረጉት ነገር ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ከሁሉ የበለጠ ትምህርት አለው። በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች ስለ ማጨስ ልማዳቸው የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ ላኩ፤ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ሐኪሞችም መለሱ። እነዚህ ሐኪሞች ለግማሽ ምዕት ዓመት ክትትል ተደረገባቸው። በ2004 የወጣው የወንዶቹ ሐኪሞች የ50 ዓመት ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሳያቋርጡ ያጨሱት ካላጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመት ዕድሜ ማጨስ ያቆመ 3 ዓመት፣ በ50 ያቆመ 6 ዓመት፣ በ40 ያቆመ 9 ዓመት፣ በ30 ያቆመ ደግሞ 10 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንደሚያተርፍም ታውቋል።

የብሪታንያ ሐኪሞች ይህ ማስረጃ እየተጠናከረ ሲሄድ ከቀረው ሕዝብ ቀድመው በብዛት ሲጋራን ተዉ። ያስገደዳቸው አዋጅ፣ ያስፈራቸው ፖሊስ አልነበረም። ከባልደረቦቻቸው ሞት የተገኘው ቁጥር ግን ሊያስተባብሉት የሚችሉት አልነበረም።

የጎረቤት ጭስ

ይህ ሁሉ ማስረጃ ቢኖርም ለክልከላ ሕግ ብቻውን መሠረት ሊሆን አልቻለም። ምክንያቱም አጫሹ፦ «የምጎዳው ራሴን ነው፤ ገላዬ የእኔ ነው» የሚል ክርክር ነበረው። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ስለ ነጻነት በጻፉት ታዋቂ መጽሐፍ፣ መንግሥት በአንድ ሰው ላይ ኃይል ሊጠቀም የሚገባው በሌሎች ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ለመከላከል እንጂ፣ ለዚያው ሰው ጥቅም ሲባል ብቻ እንዳልሆነ ተከራክረዋል። በዚህ መለኪያ ሲታይ የአፄ ዮሐንስም የሱልጣን ሙራድም አዋጅ ከወሰን ያለፈ ነበር።

ክርክሩን የለወጠው ሌላ ጥናት ነው። ጃፓናዊው ታኬሺ ሂራያማ 91,540 የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትለው በ1981 እንዳስታወቁት፣ ባሎቻቸው አብዝተው የሚያጨሱ ሴቶች፣ ባሎቻቸው ከማያጨሱ ሴቶች ይልቅ በሳንባ ካንሰር ይበልጥ ይሞቱ ነበር። የትምባሆ ኩባንያዎች ጥናቱን አጥብቀው ቢቃወሙትም፣ ሌሎች ጥናቶች ተከታትለው ደገፉት። በ1986 የአሜሪካ የጤና ጉዳዮች ዋና ሐኪም ኤቨረት ኩፕ ባወጡት ሪፖርት፣ ያለፈቃድ የሚሳበው ጭስ በማያጨሱ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰርን ጨምሮ በሽታ እንደሚያስከትል ገለጹ። በአንድ ክፍል ውስጥ አጫሹንና የማያጨሰውን ለይቶ ማስቀመጥም ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ እንደማያስቀረው አመለከቱ። በ2006 የወጣው ተከታይ ሪፖርት ደግሞ አደጋ የሌለው የጭስ መጠን እንደሌለ አረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ሰው ራሱን የመጉዳት መብት አለው ወይስ የለውም የሚለው ብቻ መሆኑ ቀረ። ጭሱ ከባለቤቱ አፍ ወጥቶ ወደ አስተናጋጇ፣ ወደ ጸሐፊዋና ወደ ሕፃኑ ሳንባ ሲገባ፣ ሕግ ሊገባበት የሚችል ጉዳይ ሆነ።

ሁለት አገሮች፣ ሁለት ክልከላዎች

ይህን አዲስ መሠረት ከሁሉ አስቀድማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሟላ መልኩ በተግባር ያዋለችው አየርላንድ ናት። የጤና ሚኒስትሩ ሚሃል ማርቲን በጥር 2003 ዕቅዱን ሲያስታውቁ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ገበያችን ይወድቃል፣ ሠራተኛ ይበተናል በማለት አምርረው ተቃወሙ። ሕጉ መጋቢት 29 ቀን 2004 ጸና። መሠረቱ የሠራተኛው ጤና ስለ ነበር መጠጥ ቤቱም ሆነ ምግብ ቤቱ እንደ ማንኛውም የሥራ ቦታ ተቆጠረ፤ ኃላፊነቱም በአጫሹ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ባለቤት ላይ ተጣለ፤ ቅጣቱም እስከ 3,000 ዩሮ የሚደርስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተፈተሹት ቤቶች 97 በመቶ ሕጉን አክብረው ተገኙ። ተመራማሪዎች በ42 የደብሊን መጠጥ ቤቶች ከሕጉ በፊትና በኋላ አየሩን ለክተው የደቃቅ ብናኝ መጠን በ83 በመቶ መቀነሱን አረጋገጡ፤ በማያጨሱ የመጠጥ ቤት ሠራተኞች ምራቅ ውስጥ የተለካው የኒኮቲን ምልክትም 80 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ሕጉ የት እንደሚቆም ማወቁም ከሚደነቅለት ነገር አንዱ ነው። የግል መኖሪያ ቤት፣ እስር ቤት፣ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ የሆቴል መኝታ ክፍልና የአረጋውያን መጦሪያ ከክልከላው ውጭ ሆኑ። አጫሹም ከደጅ ወጥቶ ማጨስ አልተከለከለም። ሲጋራ መግዛትም ሆነ መሸጥ ሕጋዊ ሆኖ ቀጠለ።

በዚያው ዓመት በሂማላያ ተራሮች የምትገኘው ቡታን ሌላ መንገድ መረጠች። በታኅሣሥ 2004 ትምባሆ በአገሪቱ ውስጥ ጨርሶ እንዳይሸጥ ከለከለች። ለግል ፍጆታ የተወሰነ መጠን ቀረጥ ከፍሎ ማስገባት ቢፈቀድም፣ ከህንድ ጋር በምትዋሰንበት ድንበር የኮንትሮባንድ ንግድ ተስፋፋ። በ2010 ሕጉ ይበልጥ ተጠናከረ፤ በ2011 አንድ ወጣት መነኩሴ ዋጋው ጥቂት የሆነ የሚታኘክ ትምባሆ ቀረጥ ሳይከፍል ይዞ በመገኘቱ የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሕዝቡ ስለ ትምባሆ ጎጂነት መነጋገሩን ትቶ ስለ ፍርዱ ኢፍትሐዊነት መነጋገር ጀመረ። ሕጉ በ2012 ተሻሽሎ ላላ። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ድንበሩን ባዘጋ ጊዜ ኮንትሮባንዲስቶች በሽታውን ይዘው እንዳይገቡ በመስጋት መንግሥት ራሱ ትምባሆ ማቅረብ ጀመረ፤ በ2021 ደግሞ ትምባሆ ማስገባትና መሸጥ በሕግ ተፈቀደ።

ሁለቱ አገሮች በሕዝባቸው ቁጥር፣ በሀብታቸውና በባህላቸው ስለሚለያዩ ንጽጽሩ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ግልጽ ነው። የአየርላንድ ሕግ የጠየቀው ትንሽ ነገር ነበር፤ ከበሩ ውጣ አለ እንጂ ሱስህን ዛሬ ተው አላለም። ሁሉም ሰው በዓይኑ የሚያየው ተጠቃሚ፣ ማለትም ሠራተኛው፣ ነበረው። የቡታን ሕግ ግን ሱሰኛውን ከነሱሱ ትቶ ዕቃውን ብቻ ነጠቀው፤ እርሱም ዕቃውን ፍለጋ ወደ ድንበር ሄደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በአህጉራችን ከጠንካሮቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። በሥራና በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ውስጥ ማጨስን ከመከልከሉም በላይ፣ ከነዚህ ስፍራዎች በርና መስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስንም ከልክሏል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ፣ ማስታወቂያ መሥራትና ሺሻ ማቅረብም የተከለከለ ሲሆን፣ የሲጋራ ፓኮ ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሆነው ገጽ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ታዟል። በተከታዩ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በእያንዳንዱ ፓኮ ላይ ከመቶኛው ታክስ በተጨማሪ 8 ብር ጣለ።

ይህ ሕግ በመልካም ጊዜ የመጣ ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት በአገራችን ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ፣ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ብቻ ነበር። ከላይ የጠቀስነው የነውር ስሜት ለዚህ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ነገር ግን በዚያው ጥናት በቤት ውስጥ ከሚሠሩት ሠራተኞች መካከል ከአራቱ ከአንድ የሚበልጡት በሥራ ቦታቸው ለሌላ ሰው ጭስ ይጋለጡ እንደ ነበር ታይቷል። አጫሹ ጥቂት፣ ጭሱን የሚስበው ግን ብዙ መሆኑ የክልከላውን አስፈላጊነት ያጎላዋል።

ሕጉ ግን ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው በወረቀት ላይ ቀርቶ መረሳት ነው። በመጠጥ ቤቱና በሆቴሉ የሚያጨሰውን ደንበኛ «እባክዎ ከውጭ ያጭሱ» ለማለት ድፍረት የሚያስፈልጋት አስተናጋጅ ከኋላዋ አሠሪዋና ተቆጣጣሪው ካልቆሙ ሕጉ ለእርሷ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ሕጉን የማስቆጣጠሪያ መሣሪያ ሳይሆን የማሸማቀቂያ መሣሪያ ማድረግ። አልፎ አልፎ በዘመቻ መልክ እየመጣ ዕቃ የሚያቃጥልና ወጣቶችን የሚያግዝ ቁጥጥር፣ ዘመቻው ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ ከመተማ እስከ ኢስታንቡል ያለው ታሪክ ይመሰክራል።

የሕጉ ደጃፍና የእኛ ድርሻ

የትኛውም የክልከላ ሕግ የሚቆምበት ደጃፍ አለ፤ እርሱም የመኖሪያ ቤት ደጃፍ ነው። ፖሊስ በየቤቱ ገብቶ አባት በልጁ አጠገብ እንዳያጨስ ሊቆም አይችልም፤ ሊቆም ይገባል የሚልም ጥቂት ነው። ሂራያማ ያጠኗቸው ሴቶች ግን ጭሱን የሳቡት በመጠጥ ቤት አልነበረም፤ በገዛ ቤታቸው ነበር። እንግዲህ ጉዳቱ የሚደርስበትና ሕግ የማይደርስበት ስፍራ አንድ ሆኖ እናገኘዋለን።

ወደዚያ ስፍራ ተጋብዞ የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የጤና ባለሙያው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር፣ ነርሷ የሚያስለውን ሕፃን ስትቀበል፣ ሐኪሙ የደም ግፊት ሕመምተኛውን ሲያነጋግር፣ «በቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አጫሹን ሳይነቅፉ፣ ማቆም እንደሚቻል፣ በ60 ዓመት እንኳ ማቆም ዕድሜ እንደሚያስገኝ፣ እስኪያቆም ድረስ ደግሞ ከቤት ወጥቶ ማጨስ ልጁን እንደሚያድን መንገር ከማንኛውም መቀጮ የበለጠ ኃይል አለው። በአንጻሩ አቁም ብቻ ብሎ ለሱሱ ምንም እርዳታ አለማቅረብ በነጭ ጋውን የተደረገ የቡታን ሕግ ነው።

ይህን ለማለት ግን ቃላችን ተሰሚነት ያስፈልገዋል። በሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ሆኖ ሲጋራ የሚለኩስ ባለሙያ የሚያፈርሰው አዋጁን ብቻ አይደለም፤ ለታካሚው ሊሰጥ ያለውን ምክርም ነው። የብሪታንያ ሐኪሞች ሕዝቡን ከማስተማራቸው በፊት ራሳቸው ተምረው ነበር። የአፄ ዮሐንስን አዋጅ ያሻረው የንጉሡ ሞት ነው፤ በጎረቤት መከባበር ላይ የቆመ ልማድ ግን የሚሽረው ንጉሥ የለውም። መንግሥት የሕዝብን አየር በሕግ ይጠብቅ፤ ከደጃፉ በመለስ ያለውን ግን እኛ በዕውቀትና በአርአያነት እንጠብቅ።